ከፍየል ሌጦ ለልብስ የሚሆን ለስላሳ ቆዳ በቤት ውስጥ ማውጣት

ጥያቄው፦ «የምኖረው ደሴ ነው፤ ሥራዬም ልብስ ስፌት ነው። አሜሪካውያን የአጋዘን ቆዳ በእንስሳው አንጎልና በጢስ በየቤታቸው አልፍተው ሸሚዝና ሱሪ ሲሰፉበት በቪዲዮ አየሁ። እኔም ለአረፋ ከታረዱት ፍየሎች የአንዱን ሌጦ ወስጄ በአመድ ፀጉሩን አነሣሁ፤ ቅቤ ቀባሁት፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዘርግቼ ፀሐይ አስመታሁት። እንደ ጣውላ ደረቀ። ምን አጠፋሁ? ለልብስ የሚሆን ቆዳስ በቤት ውስጥ ይወጣል? አንድ ዘመዴ የድኩላ ቆዳ አመጣልሻለሁ ይላል፤ እሱ ይሻል ይሆን?»

ምላሽ፦ ይወጣል፤ ያውም ጥሩ ሆኖ። ኮምቦልቻ ውስጥ በቆዳ ሥራ የኖርኩ ባለሙያ ነኝ። ይህን ጥያቄ ከልብስ ሰፊ መስማቴ እጅግ ደስ ብሎኛል፤ ከበዓል ማግስት በየጥጋጥጉ ተጥሎ ሲበሰብስ የምናየው ሌጦ እጅ ቢያገኝ ልብስ የሚሆን ሀብት ነው።

ስሕተትዎ ያለው በማድረቁ ላይ ነው። ብዙ ሰው ለስላሳ ቆዳ ከአንድ የተለየ ቅመም የሚገኝ ይመስለዋል፤ ጠያቂዎቼ ሁሉ የሚጀምሩት «ምን ልቀባው?» ብለው ነው። ቆዳ የሚለሰልሰው ግን ውሃው ከውስጡ በሚወጣባቸው ሰዓታት ነው። በእነዚያ ሰዓታት ሳያቋርጡ ከሳቡት፣ ካሹትና ከወጠሩት ይለሰልሳል፤ ሰቅለውት ከሄዱ ይደነድናል። ጨው፣ ኖራ፣ ዘይት፣ እንቁላል ሁሉም ለእነዚያ ሰዓታት የሚደረጉ ዝግጅቶች ናቸው።

ምክንያቱን ካወቁ ሥራው ይቀልልዎታል። የቆዳ መሠረት ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ እጅግ ቀጫጭን ክሮች ሆኖ በየአቅጣጫው ተጠላልፏል። በክሮቹ መካከል ደግሞ የሚያዝለገልግ ንጥረ ነገር አለ። ቆዳው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ክሮቹ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ። ውሃው ሲወጣ ክሮቹ ይቀራረባሉ፤ ያ የሚያዝለገልገው ነገርም ሙጫ ሆኖ ያጣብቃቸዋል። የእርስዎ ቆዳ የደረሰበት ይኸው ነው። ብራና ሠሪዎች ይህንኑ ባሕርይ ሆን ብለው ይጠቀሙበታል፦ የፍየሉን ሌጦ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ወጥረው፣ ምንም ቅባት ሳያስነኩ፣ እየፋቁ ያደርቁታል። ከደሴ ብዙም በማይርቀው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በብራና የተጻፈ ነው። ተወጥሮ የደረቀ ቆዳ ለመጽሐፍ ይህን ያህል ዘመን ይዘልቃል፤ ለልብስ ግን አይሆንም። ለልብስ የሚፈለገው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ክሮቹ ሲደርቁም እንዳይጣበቁ ማድረግ።

ቅቤው ለምን አልረዳዎትም? ቅቤ ብቻውን ከውሃ ጋር አይዋሐድም። እርጥብ ቆዳ ውስጥ ቦታው በውሃ የተያዘ ስለሆነ ቅቤው ላይ ላዩን ይቀራል፤ ቆዳው ከደረቀ በኋላ ደግሞ ክሮቹ ተጣብቀዋልና መግቢያ አያገኝም። አባቶቻችን አጎዛና ጀንዲ በቅቤ የሚያለፉት ቅቤውን ቀብተው ስለተዉት አይደለም፤ በእጅና በእግር እያሹ፣ እየረገጡ፣ ደግመው እየቀቡ በብዙ ጉልበት ስለሚያስገቡት ነው። የቆርቆሮ ጣሪያው ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። ጥሬ ቆዳ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ኮላጅኑ ይኮማተራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው ነገር የለም። በቀትር ፀሐይ የጋለ ቆርቆሮ ወደዚያ ይጠጋል። ያ ቆዳ ጠርዙ ተጠቅልሎና እንደ ሙጫ ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ ከሆነ በከፊል በስሏል ማለት ነው፤ ይተዉት። እንዲያ ካልሆነ ግን ሳሙና ባለው ውሃ ሁለት ቀን ዘፍዝፈው፣ ቅቤውን አጥበው አውጥተው፣ ከዚህ በታች ካለው ከኖራው ደረጃ እንደገና ይጀምሩ።

አሁን ወደ አጋዘኑ። በቪዲዮው ያዩት የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጥንታዊ ጥበብ ነው፤ ዛሬም በዚያ አገር አዳኞችና የእጅ ሙያተኞች ይሠሩበታል። የአጋዘን ቆዳ ክሮቹ ላላ ብለው የተሸመኑ ስለሆኑ ቶሎ ይለሰልሳል፤ ይለጠጣል። ያ ባለ ቅርንጫፍ ቀንድ አጋዘን በአገራችን የለም። ድኩላም ሆነ ሚዳቋ ከላምና ከፍየል ቤተሰብ ናቸው። የዘመድዎን ስጦታ ግን በዚህ ምክንያት ብቻ አይደለም እንቢ እንዲሉ የምመክርዎት። የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንንም ሆነ የዱር እንስሳ ውጤት መያዝን ይከለክላል። ከሕጉም በላይ፣ በወሎ ተራሮች የቀሩትን ጥቂት ድኩላዎች ለአንድ ሰደርያ ማሳደድ ልብ የሚያሳዝን ነገር ነው። አያስፈልገንምም።

የማያስፈልገን በደጃችን የተሻለ ስላለ ነው። በቆዳ ንግድ የኢትዮጵያ የፍየል ሌጦ በዋናነት የባቲና የጎንደር ተብሎ በሁለት ይከፈላል። የባቲው ወፍራም፣ ተጣጣፊና የውስጥ ገጹ ንጹሕ በመሆኑ ገጹ እንደ ከፋይ ለሚሆን የልብስ ቆዳ በውጭ ገበያ ጭምር ተፈላጊ ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የሰኞው ገበያ ደርሶ ፍየል መርጦ የሚመጣ የደሴ ሰው፣ አሜሪካዊው አዳኝ በጫካ ከሚያገኘው የማያንስ ቆዳ ይዞ ይመለሳል። የፍየል ቆዳ ከአጋዘን ይልቅ ጠበቅ ብሎ የተሸመነ ስለሆነ ጉልበት ይፈልጋል እንጂ ውጤቱ ያማረ ነው።

በግ ግን ለዚህ ሥራ አይምረጡ። በበግ ቆዳ የላይኛው ገጽና የታችኛው ክፍል መካከል የስብ ንጣፍ አለ፤ ገጹን ሲፍቁት የቀረው ልል ይሆናል፤ ሲስቡትም ይቀደዳል። የደጋው የወሎና የመንዝ በግ ሱፉ ጥሩ ስለሆነ ከነሱፉ ለአጎዛ፣ ለለምድ፣ ለደበሎ ይሁን። የበግ ሌጦ ብዙ ጊዜ በእከክ የተጎዳ ነው። ቅማልና ሌሎች የቆዳ ላይ ጥገኛ ተሕዋስያን የሚያመጡት ይህ ጉዳት ፀጉሩ ሳይነሣ አይታይም፤ በፋብሪካም ብዙ ሌጦ ከደረጃ የሚወርደው በእሱ ነው።

ከሥራው በፊት ሁለት ጥንቃቄዎችን አጥብቄ እለምንዎታለሁ። የመጀመሪያው፦ ታርዶ ሳይሆን ሞቶ የተገኘ እንስሳ ቆዳ በምንም ምክንያት አይንኩ። አባ ሠንጋ በቆዳና በፀጉር ላይ ለዓመታት የመቆየት ችሎታ አለው፤ ከቆዳ ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ይገድላልም። ሁለተኛው፦ አንጎሉን ይተዉት። በአንጎል ውስጥ የሚሠራው ሌሲቲን የሚባል ቅባትንና ውሃን የሚያዋሕድ ንጥረ ነገር ነው፤ ይኸው ንጥረ ነገር በእንቁላል አስኳል ውስጥ ሞልቷል። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው እንስሳ አንጎል አደገኛ ነው፤ በአሜሪካም የአጋዘን አንጎል የሚያበሰብስ በሽታ ስላለ ብዙዎቹ ራሳቸው ወደ እንቁላል ተሻግረዋል።

አሁን ሥራው። ሲታረድ ቢላዋው እግርና አንገት ላይ ብቻ ይሥራ፤ የቀረውን በጡጫ እየገፉ ይግፈፉት። በገፈፋ ጊዜ ከውስጥ በኩል የተጫረ ቆዳ ሲሳብ የሚቀደደው እዚያው ጭረት ላይ ነው፤ የልፋት ሰዓቱ ማንኛውንም ቁስል ያጋልጣል። በተገፈፈ በሰዓታት ውስጥ የውስጥ ገጹን በደቃቅ ጨው ይሸፍኑት። የጨው መጠን የእርጥቡን ሌጦ ክብደት ሲሶ እስከ ግማሽ ነው፤ ሁለት ኪሎ ለሚመዝን ሌጦ እስከ አንድ ኪሎ ይበቃል። ከአፋር የሚመጣው ጨው ጥሩ ነው፤ ይውቀጥ ብቻ። ወዲያው የሚሠሩት ከሆነ ጨው እንኳ አያስፈልግዎትም።

ከጨው የወጣውን ሌጦ በንጹሕ ውሃ ጥቂት ሳሙና ጨምረው ያሳድሩት። ሲነሣ እንደ ትኩስ ሌጦ የተዝለፈለፈ መሆን አለበት፤ መሐሉ ገና ከደረቀ የሚከተለው ሁሉ እኩል አይገባውም።

ቀጥሎ ኖራ ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ ይስጡት። በ10 ሊትር ውሃ ከ300 እስከ 500 ግራም የተሟሸ (ቀድሞ ውሃ ጠጥቶ የበረደ) የዱቄት ኖራ ይበጥብጡ። ኖራ በውሃ የሚሟሟው በጥቂቱ ስለሆነ ከታች የሚዘቅጠው ትርፍ ነው፤ ግን የሟሟው ሲቀንስ ስለሚተካው ይኑር። ያልተሟሸ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ዓይን ያሳውራል፤ አይግዙት። የጎማ ጓንትና የዓይን መከላከያ ያድርጉ። ዕቃው የፕላስቲክ በርሜል ወይም ባልዲ ይሁን፤ የአሉሚኒየም ሳፋን ኖራ ይበላዋል። ሌጦውን ሙሉ በሙሉ አስጥመው በቀን ሁለት ጊዜ በዱላ ያገላብጡት። በኮምቦልቻ ሙቀት ሦስት ወይም አራት ቀን ይበቃል። ደሴ 2,500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ያለች ብርዳም ከተማ ስለሆነች አምስት ወይም ስድስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ምልክቱ ቀኑ አይደለም፤ የአንገቱና የጀርባው ፀጉር በአውራ ጣት ሲገፋ ያለ ግብግብ መውጣቱ ነው።

ኖራ ፀጉር ከማንሣት የበለጠ ሥራ አለው። ቆዳውን አሳብጦ በክሮቹ መካከል ያለውን ያን የሚያዝለገልግ ንጥረ ነገር ፈትቶ ያወጣል። ሲደርቅ ሙጫ የሚሆነው እሱ መሆኑን ከላይ ተናግሬአለሁ። የእርስዎ አመድ ፀጉሩን አንሥቶ ይሆናል፤ ግን ለውስጡ በቂ ኃይልና ጊዜ አላገኘም። አመድም ቢሆን ውሃው በደንብ ከጠነከረ ይሠራል፤ ጥንካሬው ከኖራ ይልቅ የሚለዋወጥ ስለሆነ ለጀማሪ ኖራን እመርጣለሁ። በገጠር በእምቧይ ፍሬ የሚሠሩም አሉ። የቁልቋል ወተት ግን እባክዎ አይሞክሩ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል።

ለመፋቅ ወገብ የሚደርስ፣ የተላጠ፣ ለስላሳና ድቡልቡል ግንድ አጋድመው ሌጦውን ይደፉበት። መፋቂያው ስለት የሌለው ይሁን፤ የደነዘዘ ረጅም ቢላዋ ወይም ጠርዙ በሞረድ የተድቦለቦለ ብረት ይሆናል። ፀጉሩ በቀላሉ ይወርዳል። ከፀጉሩ በታች ያለው ቀጭን ገጽ ላይ ግን ምርጫ አለዎት። አጋዘን የሚያለፉት ሰዎች ይህን ገጽ ፍቀው ያነሡታል፤ ምክንያቱም ጥብቅ ስለሆነ ቅባት እንዳይገባ ያግዳል፤ ቆዳውንም ያደርቀዋል። ሲነሣ በሁለቱም ፊት ከፋይ የሚመስል ቆዳ ይገኛል። በፍየል ገጹ ከአጋዘን ይልቅ አጥብቆ የተያያዘ ስለሆነ መፋቁ አድካሚ ነው፤ ብብቱና ሆዱ አካባቢም ስስ ስለሆነ ይቀደዳል። የእኔ ምክር፦ የመጀመሪያውን ቆዳ ገጹን ትተው ይሥሩ፤ እጅዎ ከለመደ በኋላ ወፍራም የባቲ ሌጦ ሲያገኙ ፍቀው ይሞክሩ። በየትኛውም መንገድ ግን የሥጋውን በኩል አይማሩት። እዚያ ያለው ስስ ነጭ ሽፋን አንድ መዳፍ ያህል እንኳ ቢቀር፣ ያ ቦታ ሲደርቅ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ ኖራውን ማስወጣት ነው፤ ጀማሪዎች የሚዘሉት ደረጃ ይህ ነው። ውሃ እየለወጡ አንድ ቀን ያጥቡት፤ ከዚያ በ10 ሊትር ውሃ አንድ ብርጭቆ ኮምጣጤ ጨምረው ለጥቂት ሰዓታት ያስጥሙት። ኮምጣጤ ከሌለ የኮመጠጠ የፉርሽካ ውሃ ወይም አጓት ያገለግላል። ኖራው መውጣቱን በወጥ ቤትዎ እርድ ይፈትኑት። ከአንገቱ ጫፍ ትንሽ ቆርጠው በተቆረጠው ጎን ላይ በውሃ የተበጠበጠ እርድ ያድርጉበት። ቢጫነቱ ካልተለወጠ ጨርሰዋል፤ መሐሉ ላይ ቀይ ቡናማ መሥመር ከታየ ኖራ ገና ውስጥ አለ። ይህን ማጣራት ያለብዎት ኖራ ከሳሙና ጋር ሲገናኝ ነጭ ቅርፍት ሠርቶ ቅባቱ እንዳይገባ ስለሚያግድ ነው። ኮምጣጤውም ሳሙናውን ስለሚያፈርሰው በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁት።

ቅባቱ እንዲህ ይዘጋጃል። ለአንድ የፍየል ቆዳ 50 ግራም ገደማ ነጭ የልብስ ሳሙና ፈቅፍቀው በሙቅ ውሃ ያሟሙ። አንድ የቡና ሲኒ የምግብ ዘይት ጨምረው ነጭ እስኪሆን ይምቱት። ጠቅላላ ውሃውን ሦስት ሊትር አድርሰው ለብ ሲል የስድስት እንቁላል አስኳል ይቀላቅሉ፤ ሙቅ ላይ ከጨመሩት አስኳሉ ይበስላል። ክንድዎን ነክረው የማይፈጅዎት ሙቀት ልክ ነው፤ 40 ዲግሪ አይለፍ። የተጨመቀውን ቆዳ እዚህ ውስጥ ነክረው በእጅዎ ይሹት፣ ይዘርጉት፣ ያሳድሩት። እንቁላል ከተወደደ ሳሙናውና ዘይቱ ብቻ እየተደጋገሙ ይሠራሉ፤ ልዩነቱ አስኳሉ ሙላት የሚባለውን የእጅ ስሜት መስጠቱ ነው።

በማግሥቱ አውጥተው በአግዳሚ እንጨት ላይ ቀለበት አድርገው ይጠቅልሉት፤ በዱላ እያዞሩ ይጭመቁት። ውሃው ሲወጣ ቅባቱ ወደ ክሮቹ መካከል ይገባል። ፈትተው፣ ወጥረው፣ አዙረው ደግመው ይጭመቁ። ከዚያ እንደገና ወደ ቅባቱ ይመልሱትና እንደገና ይጭመቁ። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው የበለጠ እንደሚገባው ሲጭመቁ በእጅዎ ይለዩታል።

አሁን ደረስን። ይህን ቀን አስቀድመው ያዘጋጁት፤ ሌላ ሥራ አይቀላቅሉበት፤ ከተቻለ ሁለተኛ ሰው ይኑር። ሐምሌና ነሐሴ አይሆኑም፤ የበልግ ዝናብ ያለባቸው ቀናትም እንዲሁ። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወቅት ለደሴም ለኮምቦልቻም ጥሩ ነው። ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጉም እስኪገፍ ጠብቀው ረፋድ ላይ ይጀምሩ። ቦታው ነፋስ ያለበት ጥላ ይሁን።

መጀመሪያ የሚደርቀው ጠርዙ ነው፤ ስለዚህ ከጠርዙ ይጀምሩ። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይዞ በርዝመት፣ በወርድ፣ በማዕዘን ይሳበው። ብቻዎን ከሆኑ በደጃፍ ምሰሶ ላይ ወፍራም ገመድ ከላይ ወደ ታች ወጥረው ቆዳውን በገመዱ ዙሪያ አሳልፈው፣ እንደ ፎጣ ሁለት ጫፉን ይዘው ወዲያና ወዲህ ይጎትቱት። መሬት የተተከለ፣ ጫፉ የተድቦለቦለ እንጨትም ለመሐሉ ጥሩ ነው። ቆዳው ሲሳብ ነጭ ሆኖ ይከፈታል፤ ሲተዉት ይጠቋቁራል፤ እንደገና ሲሳብ ይነጣል። የነጣው ቦታ ነጭ ሆኖ መቆየት ሲጀምር እየደረቀ ነው ማለት ነው፤ ከሁሉ በላይ መትጋት የሚያስፈልገውም ያን ጊዜ ነው። ብዙ ሰው የሚሸነፈው በዚህ ሰዓት ነው፤ «ደርቋል» ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ማታ ሲመለስ ደንድኖ ያገኘዋል። ማረጋገጫው ጉንጭ ነው። ቆዳውን ጉንጭዎ ላይ ያድርጉት፤ ከቀዘቀዘዎት ውሃ ገና ከውስጡ እየተነነ ነው፤ ይቀጥሉ። የቅዝቃዜ ስሜቱ በአንገቱና በጀርባው ወፍራም ክፍል ላይ ሳይቀር ሲጠፋ ያቆማሉ።

የፍየል ቆዳ በደረቅ ቀን ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይወስዳል። እንግዳ ቢመጣ ወይም ቢመሽ ሳይጨነቁ በፌስታል ጠቅልለው፣ አየር እንዳይገባ አስረው ቀዝቃዛ ቦታ ያሳድሩት፤ ውሃው ስለማይወጣ ሥራው ባለበት ይጠብቅዎታል። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ አንድ ሰዓት ብቻውን ከሚቆይ በፌስታል ታስሮ ሌሊቱን ቢያድር ይሻላል። በመጨረሻ እዚህም እዚያም የጠነከሩ ቦታዎች ካሉ ተስፋ አይቁረጡ፤ በድጋሚ አርጥበው፣ ቅባቱን ደግመው ይሳቡት። ባለ ልምድ ሰውም ሁለት ዙር መሥራቱ የተለመደ ነው። ከደረቀ በኋላ በሸካራ ድንጋይ ውስጡን ሲያሹት ከፋይ መልኩ ይወጣል።

ይህ ቆዳ ለስላሳ ነው እንጂ ገና ዘላቂ አይደለም፤ ዝናብ ቢመታው ወደ ጥሬነቱ ይመለሳል። የሚያጸናው ጢስ ነው። በጢስ ውስጥ ያሉ አልዲሃይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች የኮላጅኑን ክሮች እርስ በርስ ያስራሉ፤ ከዚያ በኋላ ቆዳው ቢርስ እንኳ ሲደርቅ በጥቂት መሻሸት ይለሰልሳል። ጢስ ለወሎ እንግዳ አይደለም፤ ወይራ የማጤስ ልማድ ያለበት ቤት ጢሱን ያለ ነበልባል ማቆየት ያውቃል። ቆዳውን በሰፋፊ ስፌት ከረጢት አድርገው፣ አፉን ወደ ታች አድርገው ከተቆፈረ ጕድጓድ ወይም ከጣሳ ላይ ይስቀሉት። ውስጡ ፍም ላይ የበሰበሰ ደረቅ እንጨት ይጨመር፤ የወይራ ፍልጥም ጥሩ ነው። ጽድ ዝፍት ስላለው ቆዳውን ያጣብቃል፤ አይጠቀሙበት። እጅዎን በከረጢቱ አፍ ሲያስገቡ ሙቀቱ ካቃጠለዎት ለቆዳውም በዝቷል። ሁለትና ሦስት ሰዓት አጢሰው ከረጢቱን ገልብጠው ሌላውን ፊት ይድገሙ፤ ወርቃማ ቡናማ ሲሆን በቃው። ይህ ሁሉ ደጅ ይሁን፤ የፍም ጭስ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል። ሽታው ልብሱን ሁለት ሳምንት ነፋስ ላይ ሲያሰነብቱት ይለዝባል።

ስለ ሌሎቹ መንገዶች አጭር ነገር ልበል። የግራር ቅርፊት በታኒን የበለጸገ ነው፤ የፍየል ቆዳን በጥቂት ሳምንታት ያለፋል፤ ውጤቱ ግን ጠንከር ያለ ስለሆነ ለቀበቶና ለቦርሳ ይሻላል። ቅርፊቱን ከቆመ ዛፍ አይላጡ፤ እንጨት ከሚቆርጡ ሰዎች ይግዙ። ለውሃ ማጣሪያ የሚውለው አሉሚኒየም ሰልፌት ከጨው ጋር ነጭ ቆዳ ይሰጣል፤ ሲታጠብ ግን አብሮ ታጥቦ ይወጣል። ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ክሮምና ሶዲየም ሰልፋይድ ቤት ውስጥ አይግቡ፤ ሰልፋይድ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ ወዲያውኑ ሊገድል ይችላል።

የኖራውና የጨው ውሃው ወደ ቦርከና ወንዝም ሆነ ወደ ሰፈር ቦይ አይፈስስ። ከታች ያሉ ሰዎች በዚያ ውሃ አትክልት ያጠጣሉ፤ ከብት ያጠጡበታል። የኖራ ውሃውን ከውሃ ጕድጓድ ርቆ መሬት ውስጥ ይቅበሩት፤ ፀጉሩና ፍቃፊው ከአፈር ጋር ሲቀበር ማዳበሪያ ይሆናል። የጨው ውሃ ግን ጓሮ ያመክናል፤ ስለዚህ ጨው በተቻለ መጠን ሌጦው ውሃ ሳይገባ በደረቁ አራግፈው ለብቻው ያኑሩት።

ወደ እርስዎ ሙያ ስንመጣ፣ ከአንድ ፍየል በአማካይ ከአራት እስከ ስድስት ካሬ ጫማ ስለሚወጣ ለአንድ ሰደርያ ሦስት ወይም አራት ቆዳ ያዘጋጁ፤ መልካቸው እንዲመሳሰል በአንድ ቀን ያጢሷቸው። የጀርባው መሥመር ጠንካራ ነው፤ በልብሱ ርዝመት ይሂድ። የሆዱ ክፍል ስለሚለጠጥ ለደረትና ለትከሻ አያድርጉት፤ ለኪስና ለገበር ያውሉት። እንደ ጨርቅ ስፒል አይሰኩበት፤ የተበሳ ቀዳዳ አይዘጋም። ቁርጡን በወረቀት ላይ አውጥተው በመቆንጠጫ ወይም በቀላል ሙጫ ይያዙት። በመኪና ከሰፉ ጫፉ ስለት ያለው የቆዳ መርፌና ረጅም ስፌት ይጠቀሙ፤ ስፌቱ ከበዛ ቆዳው በመሥመሩ ይቀደዳል። በእጅ ከሆነ ወስፌና በሰም የተሻሸ ክር ይሻላል። ካውያ አያስነኩት። ሲቆሽሽ በለብታ ውሃና በቀላል ሳሙና ያጥቡት፤ ጥላ ውስጥ ግማሽ ሲደርቅ ይሳቡት፤ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ድረስም አልፎ አልፎ እየሳቡ ያደርቁት።